እትዬ ዘርፌ የሚፈቱት ቋጠሮ

ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት ተረት የሚነገረው ጥጥ ሲፈተል ነበር። አገራችን እስቴ ነው፤ ከመካነ ኢየሱስ በእግር ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ዳገት ላይ ያለ መንደር። አባቴ አመሻሽ ላይ ወደ ገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ሲወጣ ሴቶቹ እንዝርታቸውን ይዘው ይመጡና እሳቱን ይከቡታል። ያኔ ኩራዙ የሚለኮሰው ክሩ እንዲታያቸው ብቻ ስለነበር፣ ፊታቸው ጨለማ ውስጥ ቀርቶ እጃቸው ብቻ ብርሃን ላይ ሲመላለስ አያለሁ፤ እኔም የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይኔን እያቃጠለኝ መደቡ ላይ ቁርበት ተነጥፎልኝ፣ የተኛሁ መስዬ እሰማ ነበር።

ተረቱ ከጦጣም ቢጀመር ከቀበሮ፣ ትንሽ ቆይቶ ወደ ምጥ ይዞራል። አባቴና ጓደኞቹ ሲገናኙ የዘመቻ ወሬ እንደሚያነሡ ሁሉ፣ እነሱም የሚያነሡት ይህንኑ ነበር።

ትልቋ ተራች እትዬ ዘርፌ ነበሩ፤ የአባቴ ታላቅ እህት። ከእኔ በቀር የመንደሩን ልጆች ሁሉ ማለት ይቻላል የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። ምጥ ከያዛት ሴት ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የታሰረውን ሁሉ ይፈታሉ። የወላዷን መቀነትና ሹሩባ፣ የአቁማዳውን አፍ፣ የቀንበሩን ጠፍር። በቤቱ አንድ ቋጠሮ ከቀረ ልጁ መውጫ ያጣል ብለው ያምናሉ። ጥጃም አይቀራቸውም። ስለዚህ ሴት በወለደች ማግስት የዚያ ቤት ሰው ወተት አያገኝም፤ ጥጃው ላሚቱን ጠብቶ ይጨርሳታል። እሳቸው ይህን ሲነግሩ ራሳቸው አስቀድመው ይስቃሉ። ቀጥለው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሴት በሴት እጅ ካልተደገፈች፣ «ማርያም ማርያም» የሚሉላት ካልከበቧት ምኑን ወለደች ይላሉ።

እናቴ በዚህ አትስማማም ነበር። እኔን የወለደችኝ ብቻዋን ነው። ይህን በቀጥታ ተናግራ አታውቅም፤ እንዲህ እያለች በተረት ታመጣዋለች። አንዲት ሴት ነበረች። ሰው ሁሉ አውድማ በወረደበት ቀን ምጥ ያዛት። ጅብ ከደጃፏ መጣ። «እንግዳ አለብኝ፣ ቆየኝ» አለችው። ጅቡም የምታምጥ ሴት ማየት ነውር መሆኑ ገብቶት ጀርባውን አዙሮ ተቀመጠ። ልጁ ሲያለቅስ ሰምቶ፣ ዞር ብሎ ሳያይ መንገዱን ሄደ።

«ነውር ማወቁ ነው?» ይላሉ እትዬ ዘርፌ። «አንድ ከምበላ ልታገስና ሁለት ይሁኑልኝ ብሎ ይሆናል እንጂ።»

ሴቶቹ ሲስቁ እንዝርቱ ከእጃቸው ያመልጣል። እናቴ ግን ፈትሏን ሳታቋርጥ፣ «ሰው ሲበዛ ልጁ ያፍራል፣ እትዬ» ትላለች።

«ያፈርሽስ አንቺ።»

ሦስተኛዋ ጎረቤታችን ጥሩወርቅ ነበረች። ባሏ ወታደር ስለነበር ደብረ ታቦር ተከትላው ሄዳ ስትኖር፣ እሱ ወደ ጦር ግንባር ሲሄድ እዚያው ብቻዋን ቀርታ ሆስፒታል ወለደች። ሆዷን ከፍተው ነው ልጇን ያወጡላት። ወደ መንደሩ ከተመለሰች በኋላ ሴቶቹ ጠባሳዋን ለማየት በሰበብ በአስባቡ ቤቷ ይገቡ ነበር አሉ። እሷም ሆስፒታሉን እንደ ተረት ቤት ነበር የምታወራው። ሌሊት የማይገባበት ቤት፤ መብራቱ ከጣሪያው ተንጠልጥሎ እንደ ፀሐይ የሚያበራ፤ ነጭ የለበሱ ሰዎች ስሟን ሳይጠይቋት ሕይወቷን የሰጧት።

«እዚያ ማንም አያፍርም» ትላለች። «መብራቱ አያስችልም።»

አንድ ማታ እትዬ ዘርፌ ቀስ ብለው፣ «ማርያምንስ ማን ጠራልሽ?» ብለው ጠየቋት።

«በሆዴ ጠራኋት። ጮክ ብዬ ብጠራ ማን ይቀበለኛል?»

ያኔ እንዝርቱ ሁሉ ቆመ። እትዬ ዘርፌ እሳቱ ላይ እንጨት ጨመሩ። እኔም እንቅልፍ ወሰደኝ።

አደግኩ። መካነ ኢየሱስ ወርጄ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማርኩና ወደ እርሻው ተመለስኩ። ከስማዳ አያልነሽን አገባሁ። እሷም እንዝርቷን ይዛ እነዚያው ሴቶች መካከል ተቀመጠች። የነሱ ፀጉር ሸብቷል እንጂ ክርክሩ እንደ ድሮው ነበር። አያልነሽ ስታረግዝ ክርክሩ ወደ እሷ ዞረ። የመጀመሪያ ልጅ በናት ቤት ነበር የሚወለደው፤ የሷ እናት ግን ሞተዋል። ስለዚህ ሦስቱም እንደ እናት ይመክሯት ጀመር። ማታ ከሄዱ በኋላ አንዷን ምረጪ አልኳት።

«ሁሉንም ነው የምፈልገው» አለችኝ። «እንደ እናትህ ከሰው ዓይን መራቅ፣ የእትዬ ዘርፌን እጅ፣ የጥሩወርቅን መብራት።»

ቀኗ ሳይደርስ መካነ ኢየሱስ ወርደን ዘመድ ቤት እንድንቀመጥ፣ ከዚያም በመኪና ደብረ ታቦር እንድንገባ ተስማማን። እትዬ ዘርፌም አብረውን ሊሄዱ ቃል ገቡ። ምጡ ግን ቀደመን።

ጎህ ሲቀድ ያዛት። እትዬ ዘርፌ መጡና ሁሉን ፈቱ፤ ጥጃውም ተፈትቶ ሜዳው ላይ ሲፈነጭ ዋለ። እኔ ከደጅ ተቀምጬ «ማርያም ማርያም» ሲባል አንድ ቀን ሙሉ ሰማሁ። በማግስቱ ረፋድ ላይ እትዬ ዘርፌ እጃቸውን ታጥበው ወጡና አጠገቤ ቆሙ።

«ልጄ፣ ከእጄ አልፏል። ሰው ጥራ።»

አራሹ ሁሉ በሬውን እየፈታ መጣ። ቃሬዛ ተሠራ። አያልነሽን አስተኝተን በመጫኛ ስናስር እትዬ ዘርፌ የገመዱን ጫፍ ያዙ። ምጥ ላይ ያለች ሴት እንዴት ትታሰራለች አሉ። ካልታሰረች ቁልቁለቱ ላይ ትወድቃለች አልናቸው። ለቀቁልን። ነገር ግን ከቃሬዛው ጎን ጎን እየሄዱ እጃቸውን ከጋቢው ሥር ሰደዱ። እኛ አላየንም። ጥቂት እንደሄድን ገመዱ ላላ፤ አውርደን አሰርን። ደግሞ ላላ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነገሩ ገባው።

«እትዬ፣ ጥጃ እኮ አይደለችም። ይተዉልን።»

አያልነሽ ጋቢው ውስጥ ሆና ስትስቅ ሰማኋት። የመጨረሻ ሳቋ እሱ ነው።

ወንዙን ተሻግረን ለሦስተኛ ጊዜ ልናስራት ሾላ ሥር ስናወርዳት ልጁ መጣ። አብረውን የወረዱት እናቴና ጥሩወርቅ በነጠላቸው ከለሏት፤ እትዬ ዘርፌ ተንበረከኩ። ወንዶቹ በሙሉ ጀርባችንን አዙረን ቆምን። ያኔ የእናቴ ጅብ ትዝ አለኝ። እንደሱ ቆሜ፣ እንደሱ ጆሮዬን ብቻ ሰጥቼ ጠበቅሁ። ልጅ አለቀሰች። ሴት ናት አሉ። እልል ሲባል ዞርኩ።

ደሙ አልቆመም። እትዬ ዘርፌ የሚያውቁትን ሁሉ አደረጉ። ከዚያም መጫኛውን ራሳቸው አንሥተው በገዛ እጃቸው አሰሩልን። እየሮጥን ወረድን። የመካነ ኢየሱስ ቆርቆሮ ሲያብለጨልጭ ከሩቅ ሲታየን ጥሩወርቅ «አስቀምጧት» አለች። ከድምጿ ገባኝ። አያልነሽ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚላት ሰው ሳታገኝ ቀረች።

መንደሩ እስከ ዛሬ አልተስማማም። ገመዱ ባይፈታ መኪና ላይ ትደርስ ነበር የሚሉ አሉ። ባይፈታ ልጅቷም አብራ ታልፍ ነበር የሚሉ አሉ። ገና ምጡ ሲጀምራት መውሰድ ነበር የሚሉ አሉ፤ ማንም ሳይነካት ቤቷ ብትተው ኖሮ የሚሉም አሉ። እኔ ስደርስ ወሬ ይቀይራሉ። እኛ ቤት የሚፈትል ሰው የለም አሁን፤ ሴቶቹ ወደ ጥሩወርቅ ቤት ዞረዋል፤ ማታ ማታ ሳቃቸው ከማዶ ይሰማኛል።

እሳቱን ብቻዬን እያየሁ ብዙ ጊዜ የማስበው ስለዚያ የልጅነቴ ተረት ነው። ብቻዋን የወለደችው ብቻን መሆን ደግ ነው አለች፤ በሴቶች እጅ የወለዱት እትዬ ዘርፌ የሴት እጅን አመሰገኑ፤ ሆስፒታል የወለደችው መብራቱን። ሦስቱም እውነታቸውን ነበር። ሦስቱም ተርፈው፣ እንዝርታቸውን ይዘው፣ እሳቱ ዳር ተቀምጠው ነበር የሚያወሩት። ያልተረፈችው ሴት ተረት ግን በዚያ ሁሉ ማታ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነገረም። ያኔ አንድ ሰው እንደጎደለ ልብ አላልኩም። ልጅ ነበርኩ፤ ጅቡን ነበር የምጠብቀው።

ልጄ ክርስትና በተነሣችበት ቀን የማተቡን ክር ፈትለው ያመጡት እትዬ ዘርፌ ነበሩ። አያልነሽ ከሞተች ወዲህ ሴት ለማዋለድ ሲጠሯቸው አይሄዱም፤ ወደ ሆስፒታል ውሰዷት ብለው በር ይዘጋሉ። ቄሱ ክሩን በልጅቷ አንገት ሲያዞሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲፈቱ የኖሩት እትዬ ወደፊት ቀረቡ።

«አባ፣ ጠበቅ አድርገው ይቋጥሩላት» አሉ።

ማታ ስትተኛ ያችን ቋጠሮ በጣቴ እዳብሳታለሁ። አልላላችም። ከዚያም እንደ እናቴ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «አንዲት ሴት ነበረች» ብዬ እጀምርላታለሁ። እስካሁን ከዚያ አላለፍኩም።