ከጀንፈሉ ውጭ የቀረው መጽሐፍ

ሰሞኑን ያነበብኩትን መጽሐፍ ለሰው ሳልነግር ማደር አይሆንልኝም። ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠ የማላውቀው ሰው ሳይቀር ተርኬ አውቃለሁ። ስተርክም በሥርዓት ነው፤ ታሪኩ ከየት ተነሣ፣ መሐል ላይ ምን ገጠመ፣ መጨረሻው ምን ሆነ፣ ከዚህስ ምን እንማራለን። መምህርት ነኝ፤ ሳይጠቃለል የቀረ ነገር ሰላም ይነሣኛል። ባለፈው ዓመት ሚዛን ከተማ ውስጥ፣ ከሁሉ አብልጬ የምወደውን ክፍል በዚሁ አመሌ፣ በገዛ አፌ ስዘጋው ከረምኩ።

ክፍሉ የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ነው። ሰፊ አዳራሽ እንዳይመስላችሁ። ሁለት የብረት ቁም ሳጥን፣ አራት ረጃጅም ጠረጴዛ፣ ዝናብ ሲወርድ ሰው ከሰው የማያደማምጥ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በቃ። እኔ ግን ሰው የሆንኩት እዚያ ነው። ከጌጫ ወጥቼ፣ ከሚዛን ጋር በተያያዘችው አማን አክስቴ ዘንድ ሆኜ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ፣ ቤታችን የሚነገረው ሌላ ቋንቋ ነበርና አማርኛዬ ተሰባብሮ ነበር የሚወጣው። እጄን አውጥቼ በመለስኩ ቁጥር ክፍሉ ይስቃል። እጄን ማውጣት ተውኩ። በእረፍት ሰዓት እዚያ ገብቼ፣ ማንም የማይስቅብኝ ጥግ ይዤ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አነብ ነበር። ከዓመታት በኋላ መምህርት ሆኜ ስመለስ እጃቸውን የማያወጡ ልጆች በየክፍሉ አገኘሁ። የት እንደምልካቸው አውቅ ነበር።

ነገሩ የመጣው በቡና ነው። ለማያውቅ ላስረዳ። እኛ አገር ብዙ ትምህርት ቤት የራሱ የቡና ማሳ አለው። ቡናው ይለቀምና የማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ከነልጣጩ ይደርቃል፤ ይህን ከነልጣጩ የደረቀውን ጀንፈል እንለዋለን። ሲሸጥ ወንበር ይጠገንበታል፣ ወረቀት ይገዛበታል። ጀንፈል ግን እርጥበት ከነካው ይሻግታል፤ የኛ ሰማይ ደግሞ በጋ ነው ብሎ አይምርም። ያን ዓመት ማሳው አብዝቶ ሰጠና መጋዘኑ ገና በጥቅምት ሞላ።

ኅዳር ሲገባ ርእሰ መምህሩ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መጡና የውሰት መዝገቡን ገለጡ።

«ይኼ ፊርማ የማን ነው?»

«የኔ» አልኩ።

«ይኼስ?»

«እሱም የኔ።»

«ታዲያ ቁም ሳጥኑን ቤትሽ እናድርስልሽና እኛም ጀንፈላችንን እናስገባ!» ብለው ሳቁ። ክፉ ሰው አይደሉም። ቡናው ቢበላሽ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው።

«ቡናው ሲሸጥ ክፍሉ ይመለሳል?» አልኳቸው።

«አንባቢ ለሌለው ክፍል ምን ያስቸኩለናል? ለከርሞም ቡና አለ። እስከ ወሩ መጨረሻ አንባቢ አሳዪኝ፤ ያኔ አልነካውም።»

ትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ አለው፤ ተማሪዎች በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ዜናና ቀልድ ያቀርቡበታል። ረቡዕ ረቡዕ ሩብ ሰዓት ለመንኳቸውና «ሰሞኑን ያነበብኩት» የሚል ዝግጅት ጀመርኩ። በመጀመሪያው ረቡዕ ስለ አንድ ጀልባ ቀዛፊና ስለ ሁለት ልጆቹ የተጻፈ ልብ ወለድ አቀረብኩ። ታናሹ ልጅ ጀልባዋን ደብቆ ይሸጣል፤ አባትየው ወንዙ ዳር ተቀምጦ የሌለች ጀልባውን ሲጠብቅ ይኖራል። እስከ መጨረሻው ተረክሁላቸው። በማጉያው ሥር ቆመው የነበሩት ልጆች አንድም አልተንቀሳቀሱም፤ ሻይ የምታፈላው ሴትዮ ብርጭቆ እንደያዘች ቀረች።

ከዚያ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሮጥኩ። ማንም የለም። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ እትዬ፣ በእድሜ እናቴ የሚሆኑ፣ ዳንቴላቸውን ይሠራሉ።

«አልመጡም?»

«ምን ሊያደርጉ ይመጣሉ?» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሙሽራዋን ቬሏን ገልጠሽ አሳይተሽ፣ ጠላውን አስጠጥተሽ፣ ከዚያ ሠርግ ኑ ትያለሽ እንዴ?»

«እትዬ፣ ሳልጨርስ እንዴት እተዋለሁ? መግቢያ ያለው ነገር ማጠቃለያ አለው።»

«እሱን ለፈተና አድርጊው።»

አልሰማኋቸውም። በሁለተኛው ረቡዕ የአንድ ጡረተኛ የጭነት መኪና ሹፌር የሕይወት ታሪክ አቀረብኩ፤ ያለፈባቸውን ከተሞች ሁሉ መኪናው በተበላሸበት ቦታ የሚያስታውስ ሰው ነው። ይበልጥ በደንብ አስረዳሁ። ከምዕራፍ ምዕራፍ፣ ከብልሽት ብልሽት። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። መዝገቡ ላይ ግን ከኔ በቀር የፈረመ የለም። ራቴን እየተውኩ መኝታዬ እገባ ጀመር። በየምሽቱ አክስቴ «አሞሻል እንዴ?» ትለኛለች፤ ስለ አንድ ክፍል ብዬ ነው ብላት የሚገባት ስላልመሰለኝ «ደክሞኝ ነው» እላታለሁ።

ደግሞ የለቀማ ወቅት ነው። በዚህ ወቅት ግማሹ ተማሪ ክፍል አይገኝም፤ ከቤተሰቡ ጋር ቡና ላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሸዋ ቤንች በሚወስደው መንገድ ወጥቼ በየማሳው ፈለግኋቸው። ከክፍሌ ሦስት ሴት ልጆች ከነቅርጫታቸው አገኘሁ። እኔም አብሬ እየለቀምኩ ስለ ጀልባ ቀዛፊው መጽሐፍ አነሣሁና «ለምን አትዋሱትም?» አልኳቸው።

«ቲቸር፣ እሱን እኮ አንብበነዋል።»

«መቼ?»

«ረቡዕ! እርስዎ ሲያነቡልን።»

«አላነበብኩም፤ ነገርኳችሁ እንጂ።»

«ያው አይደል? ደግሞ እንደ እርስዎ ማን አድርጎ ያነበዋል» አለች ትልቋ። አንዷ ቀበል አድርጋ «አያቴም አንብባዋለች፤ እኔ ነግሬያት» አለች። ከልቧ ነበር። እጄ ላይ ያለው ቀይ ቡና ከቅርጫቱ ውጭ ወደቀ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያን ክፍል ሳልከፍት ስቆልፍ እንደነበር የገባኝ እዚያ፣ የቡና ዛፍ ሥር ጎንበስ እንዳልኩ ነው።

የገባኝ ነገር ግን አመሌን አልቀየረውም። የሦስተኛውን ረቡዕ ያዳነው፣ አዳነው ከተባለ፣ ድካሜ ነው። ቅዳሜና እሑድን ማሳ ለማሳ ስዞር ውዬ ለረቡዕ የያዝኩትን መጽሐፍ ሳልጨርሰው ቀኑ ደረሰ። ባሏ የሞተባት ሴት ታሪክ ነው። በኮቱ ኪስ ውስጥ የማታውቀው ቁልፍ ታገኛለች፤ የማን በር እንደሆነ ለማወቅ ከሰፈር ሰፈር ትዞራለች። በመጨረሻ አንድ በር ላይ ቁልፉ ይገባል፤ ይዞራል። እኔ እዚያ ገጽ ላይ ነበርኩ። ማይኩ ፊት ቆሜ እስከዚያ ተረክሁና አቆምኩ።

«ከዚያስ?» አለ አንድ ድምፅ ከሜዳው።

«አላውቅም» አልኩ። «አልጨረስኩትም።»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። «ቲቸር የቤት ሥራ አልሠሩም!» «ይንበርከኩ!» «ወላጅ ይጥሩ!» ማይኩንና መጽሐፉን እዚያው ትቼ ስወጣ ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ሊያሾፉብኝ መስሎኝ ፈጠን አልኩ። መጽሐፉን አንሥተው አልፈውኝ ሮጡ፤ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ነበር።

ስደርስ ሁለት ልጆች መጽሐፉን ግራና ቀኝ ይዘው ይጓተታሉ። እትዬ ዳንቴሉን ጥለው በማስመሪያ ጠረጴዛውን ይመታሉ። «ተራ! ተራ በመዝገብ!» ጥግ ላይ አንዲት ልጅ ቆማ ነበር፤ ክፍሌ ውስጥ ከመስከረም ጀምሮ እጇን አውጥታ የማታውቅ። ወደ መዝገቡ ቀርባ ስሟን ጻፈች። አሥራ አንደኛ ነበረች። እኔ ከሁሉም በታች፣ አሥራ ዘጠነኛ ሆንኩ። የራሴ መጽሐፍ ይመስል ለመከራከር ሞከርኩ፤ እትዬ «ባላነበበ ሰው አላዝንም» አሉኝ።

ሐሙስ ማለዳ ዝናብ ወረደ። አልጋ ላይ የነበረው ቡና በላስቲክ ሳይሸፈን ግማሹ ራሰ፤ የተረፈውን ደረቅ ጀንፈል ዘበኞቹ በጆንያ ተሸክመው መጠለያ ይፈልጋሉ። ከሰልፍ መልስ ስሄድ የቤተ መጻሕፍቱ በር ተበርግዶ ጠረጴዛዎቹ ውጭ ዝናብ ይመታቸዋል። መዝገቡን ከእትዬ ተቀብዬ ወደ ርእሰ መምህሩ ሮጥኩ።

«ወሩ አላለቀም! አንባቢ አሳዪኝ ብለውኛል፤ ይኸው!»

የረጠበ ኮታቸውን እንደለበሱ ገጹን በጣታቸው ወረዱት። ደስ ያላቸው መሰለኝ። ከዚያ ቆም አሉ።

«ይኼ ሁሉ ፊርማ ለአንድ መጽሐፍ ነው?»

«አዎ፣ ግን...»

«መምህርት፣ አንድ መጽሐፍ ክፍል ያስፈልገዋል?»

ማስረዳት የምወድ ሰው፣ መልሱን ሁሉ ያሰብኩት ማታ ቤት ገብቼ ነው። ዝናቡ ግን የኔን መልስ የሚጠብቅ አልነበረም። እስከ ምሳ ሰዓት ጆንያው መስኮቱ ድረስ ተቆለለ። ቁም ሳጥኖቹ ከነመጽሐፋቸው ከኋላ ቀሩ፤ ጀልባ ቀዛፊውም፣ ሹፌሩም። የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ ወደ ንብረት ክፍል ሄደ።

ጀንፈሉ እስከ ዛሬ አልወጣም። ዋጋ ይጨምራል እየተባለ ይጠበቃል። እትዬ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥተው መዝገቡን ጭናቸው ላይ አድርገው ይውላሉ፤ የሚያውሱት አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፣ ያን ዕለት በሰው እጅ የነበረው። ሽፋኑ ወልቋል፣ ገጹ ላይ የቡና ልጣጭ እድፍ አለ። ያነበቡትን ስለምናለሁ። «በሩ የማን ነው? አንዳችሁ እንኳን ንገሩኝ።» አይነግሩኝም። ያቺ እጇን የማታወጣው ልጅ እንኳ በቀደም ሳቀችብኝ፤ «ቲቸር፣ ተራዎን ይጠብቁ!»

ባለፈው ሳምንት ተራዬ ደረሰ። እትዬ መጽሐፉን ዘረጉልኝ። ያቆምኩበትን ገጽ ገለጥኩ፤ ሴትየዋ ቁልፉን አዙራ በሩ ላይ እንደቆመች ናት። በመስኮቱ የሚታየው ጆንያ ብቻ ነው። ይህን ከጨረስኩ አመሌ ነውና መጨረሻውን ለሰው መንገሬ አይቀርም፤ ያኔ የሚመዘገብ አይኖርም፤ መዝገቡም ሲያልቅ እትዬን በረንዳው ላይ የሚያስቀምጣቸው ነገር አይኖርም። መጽሐፉን ከኋላዬ ለቆመው ልጅ ሰጠሁና ስሜን ከዝርዝሩ ግርጌ እንደገና ጻፍኩ።

«ምነው?» አሉ እትዬ።

«ገና ነኝ» አልኳቸው።

ሰሞኑን ምን ታነቢያለሽ ለሚለኝ ሁሉ ይህንኑ መጽሐፍ እነግረዋለሁ፤ እስከ በሩ ድረስ። እንዲመጣና እንዲመዘገብ እለምነዋለሁ። ትናንት ሳይ ከእኔ በፊት የቀሩት ሦስት ስሞች ብቻ ነበሩ።