ላንቻ አልመለሰም

ድረ ገጽ ለብዙ ሰው እንግዳ በነበረበት ዘመን፣ ካዛንቺስ ላለ የመድኃኒት ቤት ባለቤት አንድ ገጽ ሠራሁለት። ላንቻና ስታዲየም ቅርንጫፎች ነበሩት። የመድኃኒቱ ስም ሲጻፍ ካዛንቺስ የተቀመጠው ዋና ኮምፒዩተር፣ ሰርቨሩ፣ የሦስቱንም ቤቶች ኮምፒዩተሮች ጠይቆ የት እንዳለ ይናገራል። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከመጻሕፍትና ከስህተቴ ነው የለቀምኩት።

መጀመሪያ ተራ በተራ ነበር የሚጠይቀው። ላንቻ መብራት ሲጠፋ መልስ ሲጠብቅ ይቆማል፤ ከኋላ የገቡት ጠያቂዎችም አብረው ይቆማሉ። ስለዚህ እንደገና ጻፍኩት። ሰርቨሩ ጥያቄዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይልክና መልሱ እስኪመጣ ሌላ ደንበኛ ያስተናግዳል። ጥቂት ሰከንድ አልፎ መልስ ያልሰጠ ቤት ካለ ያለ እሱ ይቀጥላል።

ላልመለሰው ቤት ምን ይጻፍ? እዚህ ላይ ከባለቤቱ ጋር ተጋጨን።

«‹የለም› ይበላ! ‹አልመለሰም› ሲል እኮ ያሰድበኛል፣ ጋሼ።»

«የለም ብሎ የነገረህ ማነው?»

«ኧረ ጋሼ፣ ያስገቡልኝ ኮምፒዩተር ነው የንስሐ አባት?»

አልሳቅኩም። ያልመለሰን ሰው እምቢ አለ ብሎ ማውራት ሐሰት ነው፤ ልጆቼን ያሳደግኩት እንዲህ ብዬ ነው። ካልተስማማህ ሌላ ሰው ፈልግ አልኩት። ሥራው ያስፈልገኝ ስለነበር በልቤ ፈርቻለሁ። እየተነጫነጨ ተወው።

አንድ የክረምት ቀን ካዛንቺስ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሳለሁ አንዲት እናት ገባች። የሚጥል በሽታ ያለባት ልጇ መድኃኒት ጠዋት አልቋል፤ የማታውን ሳትውጥ ማደር የለባትም። ፋርማሲስቷ ስሙን ጻፈች። ካዛንቺስ የለም። ስታዲየም የለም። ላንቻ አልመለሰም።

«አልመለሰም ማለት?»

«ይኑር አይኑር አላወቅንም፣ እህቴ። መብራት ጠፍቶ ይሆናል።» ወደ ላንቻ ደወለች፤ የዚያ ስልክም አይሠራም።

«በቃ፣ የለም ካላላችሁኝ እሄዳለሁ» ብላ ነጠላዋን ተከናንባ ዝናቡ ውስጥ ገባች።

እኔ ግን ወደ ቤቴ መሄድ አቃተኝ። ብታጣስ? ሌላ ሰፈር የምትፈልግበትን ሰዓት ታክሲ ጥበቃ ላይ አባክኜባት ይሆን?

ሊመሽ ሲል የላንቻ ስልክ ተመልሶ ከዚያ ተደወለ። በባትሪ መደርደሪያውን ፈትሸው ሰጥተዋታል።

«ተመስገን!» አለች ፋርማሲስቷ።

ባይገኝ ኖሮም የምጽፈው ያንኑ ‹አልመለሰም› ነበር። ይህን በኩራት መናገር ግን አልችልም፤ ያን ዕለት ስልኩ እስኪደወል ወንበር ስቤ በር በሩን ሳይ ቆይቻለሁ።