የእሁድ እርከን

አሮጌውን የሲዲ መደርደሪያ ምስጥ ስለበላው ነው አናጺው የተጠራው። የቤቱ ባለቤት ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ በገዛ ቤቱ እንግዳ የሆነ ይመስል ጥግ ይዞ ቆሟል። ሲዲዎቹ ሁሉም ክላሲካል ሙዚቃ ናቸው፤ በየጀርባቸው በእርሳስ ቁጥር ተጽፏል።

«ቁጥሩ ምንድን ነው ጋሼ?» አለ አናጺው።

«ደቂቃው ነዋ።»

ሌላ ሰው ቢሆን በደራሲዎቹ ስም ይደረድራቸው ነበር፤ እሱ የደረደራቸው በቀን ነው። ሰባት እርከን፣ ለየቀኑ አንድ። የአንዱ እርከን ደቂቃ ሲደመር ከምሳ እስከ መኝታ ያለውን ሰዓት ልክክ አድርጎ ይሞላል።

«የትኛው ነው ደስ የሚለው?» አለ አናጺው፣ ለወሬ ያህል።

ሰውየው ትንሽ አሰበ። «ረጅሙ።»

አናጺው ሃያ ዓመት ሙሉ ቤት ሲለካ፣ መደርደሪያ በሰዓት የሚያዝ ደንበኛ ገጥሞት አያውቅም። ሊስቅ ፈለገና የሰውየውን ፊት አይቶ ተወው። ወደ ታችኛው እርከን፣ ወደ እሁድ ወረደ። እዚያ የአንዲት ሲዲ ቦታ ባዶ ነው፤ በክፍተቷ ውስጥ የሰውየው ስልክ ቻርጀሩ እንደተሰካ እንደ ሲዲ ቆሟል።

«ይቺን ልዝጋት? እንጨትም ይተርፈናል።»

«ተዋት። ግማሽ ሰዓት ናት፤ ልጄ የምትደውልባት።»

«ሁልጊዜ እሁድ ትደውላለች?»

ሰውየው ወደ ሸሚዙ ቁልፍ አየ፣ መቆለፉንም በጣቱ ነካ አድርጎ አረጋገጠ።

«ቦታው ይኑር» አለ።

አናጺው እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደና በአዲሱ ጣውላ ላይ፣ የቻርጀሩ ገመድ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ምልክት አደረገ።