በቁም የማይወልቅ ድንጋይ

ልጄ የምታጠናው ድንጋይ ነው ስል ቡሬ ገበያ ላይ ሰው ይስቅብኛል። «ድንጋይማ ማሳህ ላይ ሞልቶ የለም እንዴ? ምን ዩኒቨርሲቲ አስኬዳት?» ይሉኛል። እሷ የምታጠናው የጥንት ሰዎች ምስል የቀረጹበትን፣ እንደ ማኅተም ያትሙበት የነበረውን የጌጥ ድንጋይ ነው። አቀራረጹን አይታ የየትኛው ዘመን እጅ እንደሆነ ትለያለች። እኔ ፊደል ቆጥሬ የቀረሁ ሰው ነኝ፤ የገባኝ ይህችው ናት።

እንዲህ ያለ ድንጋይ ከቤታችን ነበር። ሚስቴ ከማተቧ ጋር አስራው ትኖር ነበር፤ ቀይ፣ ባቄላ የምታህል። በእሷ ወገን እናት ስትሞት ለሴት ልጅ ያልፋል እንጂ በቁም አይወልቅም። ላዩ ላይ የተቀረጸውን አውሬ ሚስቴ ፍየል ነው ትላለች፣ ልጄ አንበሳ።

ልጄ በመጣች ቁጥር እናቷን መደብ ላይ አጋድማ፣ ማጉያ መስታወት ይዛ አንገቷ ላይ ታቀረቅራለች። አንድ ጊዜ ለስላሳ ሰም ጫነችበት። ሰሙ አውሬውንም የእናቷን የአንገት ሽብሽብም አንድ ላይ ይዞ ተነሣ።

«በቃ፣ ያውልሽ» አልኳት።

«አይበቃም አባዬ። የመቅረጫው ጭረት ከሥሩ መታየት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ድንጋዩ ራሱ ቤተ ሙከራ መግባት አለበት። የምጽፈው መጽሐፍ ያለሱ ጎዶሎ ነው።»

ሚስቴ እንደተጋደመች፣ «እንግዲህ መሞቴን ጠብቂያ!» አለቻት። ሁላችንም ሳቅን።

በዓመቱ ታመመች። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አስተኛናት። ልጄ ሥራዋን ጥላ መጥታ ከአልጋዋ አጠገብ አልተነሣችም። ድንጋዩን ግን አታየውም። ገላዋን ስታጥባት እንኳ አንገቷ ጋ ስትደርስ ፊቷን ታዞራለች።

የሞተች ለት፣ ሊገንዟት ሲሉ መቀስ ይዤ ገባሁ። «ቁረጪው። ወጉ ነው፤ ያንቺ ነው» አልኳት።

«ይተዉት አባዬ።»

«እናትሽ ፈቅዳ የለም እንዴ!»

«ጠብቂ አለችኝ። ሞቷን ስጠብቅ የኖርኩ መሰለኝ።»

ተቆጣኋት። እኔው ልቁረጠው ብዬ ጎንበስ ስል እጄን ያዘችኝ፤ እንደዚያ በርትታ አይቻት አላውቅም። ገናዦቹ እኔንም እሷንም አዩና ከነድንጋዩ ከፈኗት።

አሁንም መቆረጥ ነበረበት እላለሁ።

ከተዝካሩ በኋላ መናኸሪያ ሸኘኋት። «መጽሐፉስ?» አልኳት። «ሌላ ድንጋይ ስንት አለ» አለችኝ። ስትዋሽ አውቅባታለሁ። እናትሽ እኮ ቀልዳ ነው ማለት ሲገባኝ፣ መኪናው እስኪሞላ ስለ በቆሎው አወራኋት።

ስልክ በደወለች ቁጥር ልነግራት እጀምራለሁ። «አባዬ፣ እህል ቀመሱ?» ትለኛለች።

በልቻለሁ እላታለሁ።