ዘጠኝ ፎቅ በሮለር ስኪ

ልጄ የስኪ ተወዳዳሪ ነች ስል ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቦርጬን ነው። ከዚያ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል፤ አትላንታ፣ ሰመር፣ አስፋልቱ ጫማ ላይ የሚጣበቅበት ሰዓት። ከዚያ ተመልሶ ቦርጬን። "በረዶው የት አለ?" ይለኛል። "ፍሪጅ ውስጥ" እላለሁ።

እኔም ብሆን ነገሩ ቶሎ አልገባኝም። ልጄ ሰሜን፣ በረዶ አገር፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ "አገር አቋራጭ ቡድን ውስጥ ገባሁ" ስትለኝ ሩጫ መስሎኝ ቤተክርስቲያን ግቢ ላገኘሁት ሁሉ "ሯጭ ወለድኩ" ስል አንድ ወር ከረምኩ። በኋላ ፎቶ ላከች። እግሯ ላይ ሁለት ረጅም ጣውላ፣ እጇ ላይ ሁለት ዘንግ፣ ፊቷ ላይ በረዶ። ግቢው ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ሰው እየመረጥኩ ነበር ሰላም የምለው።

ባለፈው ጁን ለእረፍት ስትመጣ ሮለር ስኪ ይዛ መጣች። ክንድ የሚያህል ብረት ነው፤ ከፊትና ከኋላው ጎማ አለው። ጫማዋን እሱ ላይ ትቆልፍና አስፋልቱን በዘንጎቿ እየወጋች ትሄዳለች። ስኪ የሚወዳደሩ ሰዎች ሰመሩን የሚያሳልፉት እንደዚህ ነው አሉ። ፍሬን የለውም።

"እንዴት ነው የምትቆሚው?" አልኳት።

"አልቆምም ዳዲ። ላይክ፣ ቀድሜ ፕላን አደርጋለሁ።"

በቤተሰባችን ፕላን ያለው ሰው ሲገኝ የመጀመሪያዋ እሷ ነች። እኛ ፍሬን እያለንም ተጋጭተናል።

ጉዳዩ ቀልድ አልነበረም። ለውድድር በሚሄደው ቡድን ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ቀርቶ ነበር። ኮቿ ያላት እንዲህ ነው፦ በጁን አንድ ዳገት ምረጪና ሰዓት ይዘሽ ውጪው። በኦገስት መጨረሻ እዚያው ዳገት ላይ ድገሚው። ግማሽ ደቂቃ ከቀነስሽ ቦታው ያንቺ ነው፤ ካልቀነስሽ ዓመቱን ሙሉ ዳር ቆመሽ የጓደኞችሽን ጃኬት ትይዣለሽ።

ዳገት ፍለጋ ወጣን። የምንኖረው ታከር፣ ከአትላንታ ወጣ ብላ ያለች ሰፈር ነው። እሷ ከፊት በሮለር፣ እኔ ከኋላ በመኪና፣ ሐዛርድ መብራቴን ብልጭ ድርግም እያደረግኩ። እዚህ አገር ቀብር የሚሸኘው እንዲያ መብራት እያበራ ስለሆነ ሰው ቀብር መስሎት ዳር እየያዘ ያሳልፈን ነበር። በሦስተኛው ቀን አንድ የጭነት መኪና የዘንጓን ጫፍ ታክኮ አለፈ።

"በቃ፣ ሁለተኛ መንገድ ላይ አትወጪም" አልኩ።

"ታዲያ የት ልሂድ?" አለች። ድምጿ ሲሰበር ሰማሁት። ያኔ ነው ድንገት ብልጭ ያለልኝ።

የምሠራው ዳውንታውን፣ ፓርኪንግ ዴክ፣ ማለትም የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ነው። ዘጠኝ ፎቅ፣ ከመግቢያው እስከ ጣሪያው እየተጠማዘዘ የሚወጣ መንገድ። ስንት ዓመት ስወጣና ስወርድበት ዳገት መሆኑን አላስተዋልኩም። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ በዙሪያው ያሉት የመንግሥት ቢሮዎች ዝግ ስለሆኑ ባዶ ነው። አለቃዬን አስፈቀድኩና ቅዳሜ ጠዋት ከች አልን።

መግቢያው ላይ፣ ቡዙ ውስጥ፣ ማለትም በመስታወት በተከለለችው የትኬት ክፍል፣ ጋሼ ተቀምጠዋል። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጡረታ ውጡ ሲባሉ "ወጥቼ የት ልሄድ ነው?" የሚሉ ሰውዬ ናቸው።

"ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ማገጃውን ያንሱልን።"

ጋሼ ልጄን ከላይ ወደታች እያዩ ወርደው እግሯ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። "ይሄ ጎማ ነው?"

"ጎማ ነው።"

"እንግዲያው ትኬት ትቁረጥ።"

"ጋሼ፣ ልጄ እኮ ነች።"

"መሆኗንማ አውቃለሁ፤ ክርስትናዋ ላይ በልቻለሁ። ይሄን የለጠፍከው አንተ አይደለህም እንዴ?"

በጣታቸው የቡዙን መስታወት አሳዩኝ። ሞተር ሳይክሎች በጎን እየሾለኩ ሲያስቸግሩን በገዛ እጄ የጻፍኩት ወረቀት ነው፦ "ጎማ ያለው ሁሉ ትኬት ይቆርጣል። የተቆረጠ ትኬት ሁሉ ይዘጋል።" ጉራዬን አታውቁትም፣ ፈርሜበታለሁ።

ልጄ ቁልፉን ተጫነች። ማሽኑ ሰዓቱን ከነሰከንዱ አትሞ ትኬት አወጣላት፣ ማገጃው ተነሳ፣ ትኬቱን በጥርሷ ነክሳ ተወነጨፈች። እኔም ማገጃው ሳይወርድ በመኪናዬ ከኋላዋ ሾልኬ ገባሁ። ጣሪያው ላይ ትኬት የሚዘጋ ማሽን አለ፤ እዚያ ከተተችው፣ የደረሰችበትን ሰዓት ከመግቢያው ሰዓት ስር አትሞ መለሰላት። በእጇ ሰዓት ስምንት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ወጣ። ቁጥሩን ለኮቿ ቴክስት አደረገች። በመኪና ስንወርድ ጋሼ ትኬቱን ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ጨመሩት።

ሰመሩ እንዲህ አለፈ። በየቅዳሜው እሷ ትወጣለች፣ እኔ ከኋላ መስኮት ከፍቼ ፎቁን እየቆጠርኩ እጮሃለሁ፣ ከጣሪያው ጭኛት እወርዳለሁ፣ እንደገና። አንድ ቀን ጣሪያው ላይ "እስቲ እኔም ልሞክረው" አልኩ። ሁለት ሜትር ሄጃለሁ፤ አንዱን በእግሬ፣ አንዱን በጀርባዬ። ወዲያው ወገቤ ላይ ያለው ሬዲዮ ተንጫጫ። ጋሼ በካሜራ እያዩን ኖሯል።

"ጣሪያው ላይ ትልቅ ነገር ወድቋል፤ ዕቃ ነው ሰው?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

"እህ። ዕቃ ከሆነ ላስነሳው ብዬ ነው።"

ኦገስት ገባ፣ ፍልሰታም ገባች። ልጄ ማንም ሳይነግራት ጾመች፤ እናቷ በሶ እየበጠበጠች በጠርሙስ ታስይዛታለች። የመጨረሻው ቅዳሜ ስንደርስ መስኮቱን ሦስቴ ከፍቼ ሦስቴ ዘጋሁት። ስኪ የምወዳደረው እኔ ብሆን እንኳ እንደዚያ አልሆንም።

ትኬቷን ነክሳ ወጣች። አንደኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። አራተኛው ላይ የዘንጓ ጫፍ የመኪና ዘይት ላይ አንሸራተተና ወደ ጎን ተንገዳገደች። ፍሬኑን በሁለት እግሬ ረገጥኩት። አልወደቀችም። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደወጣች እኔ እንጃ፤ ሰባተኛው ላይ መቁጠሩን ትቼ "በርቺ የኔ እናት፣ በርቺ" ብቻ ነው የምለው። ጣሪያው ላይ ፀሐዩ ውስጥ ብቅ አልን፣ ትኬቷን ማሽኑ ውስጥ ከተተች፣ ሰዓቷን አየች።

"ስምንት ከአስራ አንድ" አለች፣ ትንፋሽ እያጠራት።

ሠላሳ ዘጠኝ ሰከንድ ቀንሳለች። መኪናዬን ሞተሩ እንደበራ ትቼ ዘለልኩ። ዘለልኩ ስል፣ ተረከዜ ተነስቷል።

የሰዓቷን ፋይል ለኮቿ ላከችለት። ትንሽ ቆይቶ ደወለ፤ ስፒከር ላይ አደረገችው።

"ይሄ የላክሽልኝ ምንድን ነው? ስምንት ደቂቃ ሙሉ አንድ ቦታ ቆመሽ ልብሽ ብቻ ይሮጣል።"

ያኔ ገባን። የእጅ ሰዓቱ የሄደችበትን መንገድ የሚያውቀው ከሳተላይት ነው፤ ዘጠኝ ፎቅ ኮንክሪት ስር ሳተላይት የለም። የጁኑን ፋይል ከፈተችው፤ እሱም ቆሟል። ያን ጊዜ ቁጥሩን ብቻ ስለላከች ማንም አላየውም።

"እኔ አምንሻለሁ" አለ ኮቹ፣ "ግን ሌሎቹ ሁሉ ማስረጃ አምጥተው ነው የገቡት። የሁለቱንም ቀን ማስረጃ እስከ ዛሬ ማታ ካገኘሽ ላኪልኝ።"

ልጄ ሮለሮቿን ፈታ መኪናው ውስጥ ገባች። ያንን ዳገት የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ዘጠኝ ፎቅ ስንወርድ አንድ ቀልድ አልመጣልኝም።

ታች ስንደርስ ልጄ ልማድ ሆኖባት ትኬቱን ለጋሼ ዘረጋች። ፊታችንን አዩት።

"ምን ሆናችኋል? ደህና አይደላችሁም?"

ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ትኬቱን አገላበጡ።

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? እዚህ ስትገባ ያለው ሰዓት። እዚህ ጣሪያ ስትደርስ ያለው ሰዓት። ከነሰከንዱ።"

ልጄ ቀስ ብላ ቀና አለች። "የጁኑስ? የጁኑን አልጣልከውም?"

ልጄ ትልቅ ሰውን አንተ ማለቷን ሌላ ቀን ቢሆን እገስጻት ነበር። ጋሼም ያን ቀን አልሰሙም። መሳቢያቸውን ሳቡና በላስቲክ የታሰረ የትኬት ጥቅል አወጡ። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ "የእግር ጎማ" ተብሎ ተጽፎበታል። ጥቅሉን ገልብጠው ከሁሉም ሥር ያለውን የጁኑን አወጡት። ማሽኑ ጋር የምትቆምበት ጊዜ ተጨምሮ ሁለቱም ከእጅ ሰዓቷ በሦስት ሰከንድ ይበልጣሉ፤ ልዩነታቸው ግን ያው ሠላሳ ዘጠኝ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ቡዙ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣ ፎቶ አንስታ ላከች። ጠበቅን። ጋሼ ሬዲዮናቸውን ዘጉት። ስልኳ ተንቀጠቀጠ፤ አነበበችው፤ እንደገና አነበበችው።

"ቦታው ያንቺ ነው ይላል" አለች። "ትኬቶቹን ይዘሽ ነይ፣ ቢሮዬ እሰቅላቸዋለሁ ይላል።"

እኔን ልታቅፍ ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ በቡዙ መስኮት ገብታ ጋሼን አቀፈች። እሳቸው ትከሻዋን እየደባበሱ በላይዋ እኔን ያያሉ።

"የሷ ተዘጋ። ያንተስ?"

"የኔ ምን?"

"ሰመሩን ሙሉ ከኋላዋ ተለጥፈህ ስትገባ አይቻለሁ። ያንተ መኪና ጎማ የለውም?"

ልጄ ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔም ፊርማዬን በመስታወቱ ላይ አየሁት፣ መኪናዬን ወደኋላ መልሼ ዞርኩና መግቢያው ላይ ቆሜ ትኬት ቆረጥኩ።