የሃያ ስምንቱ ገበያ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጋሪ የሚነዳ ሁሉ ባጃጅን ሲረግም ይውላል። ገነነ ግን አይራገምም። ባጃጅ ሙክት አይጭንም፣ የሽንኩርት ጆንያ አይደራርብም፣ ዶሮ ያንጠለጠሉ አምስት ሴቶችን ከነጫጫታቸው አይችልም። ስለዚህ ገና ሲደርስ ከተማው ሁሉ ተመልሶ ወደ እሱ ይመጣል። በዓመት ውስጥ ሰው ስሙን ደጋግሞ የሚጠራው ያን ሳምንት ነው። እሱም ያን ሳምንት ይወደዋል፤ ይወደው ነበር ማለት ይሻላል።

የተወለደው ከቡሬ በእግር አንድ ሰዓት በምታስኬድ መንደር ነው። በሃያ ዓመቱ ከታላቅ ወንድሙ ከክንዱ ጋር የአባታቸውን መሬት ተካፈለ፤ ድርሻው ለዘር እንኳ የማይበቃ መሆኑን ሲያይ ለወንድሙ ትቶለት ከተማ ገባ። ፈረስ ገዛ፣ ጋሪ ገዛ፣ ሰብለ የምትባል ጠይም ቆንጆ አገባ፣ ሕሊና የምትባል ልጅ ወለደ። እዚህ ድረስ የማንም ሰው ታሪክ ነው።

ችግሩ ኩርፊያው ነው። ገነነ ሲናደድ አይሳደብም፣ እጁን አያነሳም፤ ዝም ይላል። አንዴ ዝም ካለ ሳምንቱም ያልቃል፣ ወሩም ያልቃል። በአንድ በማይረባ ነገር፣ ዛሬ ሁለቱም በማያስታውሱት ነገር፣ ዐርባ ቀን ሙሉ ካኮረፋት በኋላ ሰብለ የአራት ዓመት ልጇን አዝላ ባሕር ዳር ወንድሟ ዘንድ ሄደች። የሄደችው ልትቀር አልነበረም። ሚስት ተቀይማ ወደ ወገኗ ስትሄድ ባል ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌውም ሁለቱን ገሥጾ፣ መክሮ፣ ይዟት ይመለሳል። የአገሩ ደንብ ይኸው ነው። ሰብለ ወር ጠበቀች፣ ዓመት ጠበቀች። ገነነ ሽማግሌ ላክ ሲሉት መልሱ አንድ ነበር፤ በሩን ራሷ ከፍታ ወጣች፣ ራሷ ከፍታ ትግባ። ኩራት እራት ነው ይባላል፤ ገነነም ያንን እራት አሥራ ሰባት ዓመት ብቻውን በላ።

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ላይ ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩንም አያውቀውም፣ ድምፁንም አያውቀውም። ሕሊና ነኝ ስትለው ፈረሱን አቆመ። ብዙ አላወሩም። የምትጠይቀው አንድ ጉዳይ እንዳላት፣ በስልክ የሚነገር እንዳልሆነ፣ ለገና መምጣት እንደምትፈልግ ነገረችውና ቀኑንና ቦታውን እሱ እንዲመርጥላት ለመነችው። ሃያ አንድ ዓመት የሞላት ልጅ ጥር ሳይገባ አባቷን የምትፈልግበት ጉዳይ ምን እንደሆነ ለገነነ አልጠፋውም። ልታገባ ነው፤ መርቆ የሚሰጣት አባት ትፈልጋለች። ጉሮሮውን ጠረገና፣ ታኅሣሥ ሃያ ስምንት ጠዋት ገበያው በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ አላት። በዋዜማው ገበያውን ሊያሳያት፣ ሲመሽ ቤቱ ሊያስገባት፣ በበዓሉ ቀን ጥያቄዋን ሰምቶ ሊመርቃት አስቦ ነው።

የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ገና ሃያ ዘጠኝ፣ ዋዜማው ሃያ ስምንት፤ ይህን ሲል ያደገ ሰው ሳያስብ አፉ ራሱ ይናገረዋል። ነገር ግን በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች፤ ከዚያ ቀጥሎ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ገና አንድ ቀን ቀድሞ ሃያ ስምንት ይውላል። ያ ዓመት ዘመነ ዮሐንስ ነበር። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ ሲያስታውቁ ገነነም ከምእመኑ ጋር ቆሞ ሰማ፤ ዋዜማውንም በልቡ ወደ ሃያ ሰባት አዛወረው። ለልጁ የሰጣት ግን ዋዜማውን ሳይሆን ሃያ ስምንትን መሆኑን ረስቶታል። ደውሎ ቢያረጋግጥ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን ልጅ ለአባቷ ትደውላለች እንጂ አባት ለልጁ አይደውልም የሚል ሰው ነው።

ሃያ ሰባት ቀን፣ በዓመቱ ውስጥ ሥራ በሚበዛበት ቀን፣ ገነነ ጋሪውን ሳይጠምድ ዋለ። ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ለሰው ሰርግ ብቻ የሚያወጣውን ኮት ለብሶ፣ በጠዋት ገበያው በር ላይ ቆመ። ገበያው አፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ገበሬው በጉን እየጎተተ፣ ሴቶቹ ቅቤያቸውን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው፣ እንቁላላቸውን በጭድ ቀብረው፣ ቄጤማ በጀርባቸው ተሸክመው ይጎርፋሉ። አንዱ ዶሮ ሻጭ አውራውን ገልብጦ ይዞ፣ ይኸ ዶሮ አይደለም በግ ነው ይላል። እንግዲያው በግ ተራ ወስደህ ሽጠው ትለዋለች ገዢዋ፤ በዙሪያቸው ያለው ሁሉ ይስቃል፤ እሷም እየሳቀች ትገዛዋለች። ከበሩ ማዶ ያሉት ሱቆች የፕላስቲክ ጥድ አቁመው ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ጠምጥመውበታል። በረዶ ዐይተው የማያውቁ ሰዎች ጥጥ ቦጫጭቀው በረዶ ነው ብለው በትነውበታል። ሞባይል ጠጋኙ ቀይ የገና አባት ቆብ ደፍቶ ዘፈኑን ለቆታል። ፎቶ አንሺው ከአንዱ ዛፍ ሥር ሁለት ወንበር አስቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ይጠራል።

ገነነ በዕድሜው እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ነጠላ ገዛላት፤ ሴት ልጅ ምን ዓይነት ጥለት እንደምትወድ አያውቅምና ሻጯን ሦስት ጊዜ ጠየቃት። ገብስማ አውራ ዶሮ ገዛ። ፎቶ አንሺውንም፣ ልጄ እየመጣች ነው፣ አብረን እንነሣለን ብሎ ነገረው። ያልተጠየቀውን ለዶሮ ሻጩም፣ ለሞባይል ጠጋኙም፣ ለማያውቀው ገበሬም ነገረ። ልጄ የሚለውን ቃል ዝም ብሎ መናገሩ ራሱ ጣፈጠው።

ከባሕር ዳር የመጣ ሚኒባስ በቆመ ቁጥር ሮጦ ይሄዳል። ፊቷን አያውቀውም፤ ስለዚህ በእያንዳንዷ ወጣት ሴት ፊት ላይ ሰብለን ይፈልጋል። አንዷን ሕሊና ነሽ ወይ ብሎ ቢጠይቃት ደንግጣ ሸሸችው። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሰዓት ሆነ። ጎረቤቱ እህተ ማርያም በሩ አጠገብ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች፤ ከጠዋት ጀምሮ ታየዋለች። መኪናው ተበላሽቶባት ይሆናል፣ ደውልላት እንጂ ብትለው፣ መምጣት የፈለገ መንገድ አያጣም አላት። ደግማ ብትነግረው አልመለሰላትም። ያን ጊዜ ኩርፊያው እንደያዘው ገባትና ወደ በርበሬዋ ተመለሰች።

አመሻሽ ላይ ገበያው ተበተነ። ገነነ ዶሮውን ለእህተ ማርያም ሰጣት፣ ነጠላውን አስቀምጪው አላት፣ ፈረሱን አብዪልኝ ብሎ አደራ አላት። ስልኩን እፊቷ አጠፋውና ኪሱ ከተተው። በመጨረሻው መኪና ቡሬ ገብቶ ከዚያ በእግሩ ወደ ወንድሙ መንደር ሄደ።

በማግሥቱ፣ በገና ዕለት፣ ከቅዳሴና ከፍስኩ በኋላ የመንደሩ ሰው ሜዳ ወጣ። የላይና የታች ሰፈር ተከፍለው፣ ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው፣ ከእንጨት የተጠረበችውን ሩር ሲያሳድዱ ዋሉ። ሎሌ ጌታውን፣ ድኻ ሀብታሙን በዚያ ቀን ቢሰድብ አይያዝበትም፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል። ገነነንም አልማሩትም፤ ከተሜው ጋሪ ነጂ ፈረሱ ካልሮጠለት መሮጥ አይችልም አሉት። ሌላ ጊዜ ቢሆን የባሰ ነገር ይመልስ ነበር። ያን ቀን ግን ዱላውን ተደግፎ ቆመ። ክንዱ ምን እንደሆነ ጠየቀውና ነገሩን ሲሰማ፣ ስልክህን ክፈተው፣ ይኸኔ እየደወለች ይሆናል አለው። ነገ እከፍተዋለሁ አለ። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ባትሪውም ሙሉ ነበር።

ሃያ ዘጠኝ ቀን ረፋዱ ላይ ፍኖተ ሰላም ሲመለስ እህተ ማርያም ደጁ ላይ ቆማ አገኛት። እንኳን አደረሰህ አላለችውም።

"ልጅህ መጥታ ነበር" አለችው። "ትናንትና። ዳቦ ይዛ።"

እህተ ማርያም ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነው ያገኘቻት። ገበያው ባዶ ነው፤ ገለባና የዶሮ ላባ ብቻ ነው ያለው፤ ልጅቱ በነጠላ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ቁርጥ ሰብለን ነበረች። አባቴ ሃያ ስምንት ነይ ብሎኛል አለቻት። ቀኑ የበዓሉ ቀን መሆኑን ስታይ ለዋናው ቀን ጠራኝ ብላ ደስ ብሏት ነበር። በዋዜማው ማታ፣ ነገ በጠዋት እነሣለሁ ልትለው ብትደውል ስልኩ ዝግ ሆነባት፤ ቢሆንም መጣች። እህተ ማርያም ቤቷ ወስዳ ያንኑ ገብስማ ዶሮ አበላቻት። ልታጽናናት ብላም ያየችውን ሁሉ ነገረቻት፤ ኮቱን፣ ነጠላውን፣ ሚኒባስ በቆመ ቁጥር መሮጡን፣ በመጨረሻም ተናዶ ስልኩን አጥፍቶ መሄዱን። ልጅቱ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች። ቀኑን ተሳስቶ ነዋ፣ መቼም ይከፍተዋል፣ እስኪከፍተው እጠብቃለሁ አለች። በየግማሽ ሰዓቱ እየደወለች እስከ ዐሥር ሰዓት ተቀመጠች። የመጨረሻው ሚኒባስ ሊሄድ ሲል ዳቦውን ለእሱ ትታ ተነሣች።

ገነነ ስልኩን ከፍቶ ደወለ። ወዲያው አነሳችው። ዘመነ ዮሐንስ መሆኑን፣ አፉ ሃያ ስምንት ማለት ለምዶበት እንደሆነ፣ በዋዜማው ቀኑን ሙሉ እንደጠበቃት እየተደናቀፈ ነገራት። እስኪጨርስ ሰማችው።

"ገብቶኛል" አለችው። "ቀን መሳሳት በሰው ይደርሳል። ስልክዎን ግን ለምን አጠፉት?"

ተከፍቼ ነው፣ አጥፍቻለሁ፣ ማሪኝ ማለት ስንት ቃል ነው? እህተ ማርያም አጠገቡ ቆማ በዐይኗ ትለምነዋለች። ልጅቱ እውነቱን እንደምታውቅ ያውቃል፤ አሁን የተነገረው ነው። አፉ ግን የለመደውን አወጣ።

"ባትሪ ዘግቶብኝ ነው" አላት።

ሕሊና ዝም አለች። ዝምታው ረዘመ፤ የእሱ ልጅ መሆኗን በዚያ ዝምታ ዐወቀ።

"እናቴ ነግራኝ ነበር" አለችው በመጨረሻ። "አላመንኳትም። ሰርጌ ጥር አሥራ ሰባት ነው፤ አጎቴ ይመርቁኛል። እንኳን አደረሰዎ።"

በማግሥቱ ደወለ፣ አላነሳችም። ጥምቀት እስኪደርስ በየቀኑ ደወለ። ወንድሙን ክንዱን ሽማግሌ ይዘህ ሂድልኝ ብሎ ለመነው። ክንዱም ለሚስት ሽማግሌ ሲላክ ዐይተናል፣ አባት ለልጁ ሽማግሌ ሲልክ ግን አላየንም፣ ያኔ እምቢ ያልከውን ዛሬ በማን እግር ትልካለህ አለው። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም አዝኖ ነው የተናገረው።

ጥር አሥራ ሰባት ቀን ገነነ ያንኑ ኮት ለብሶ ባሕር ዳር ሄደ። ገብቶ እግሯ ላይ ሊወድቅ፣ ዋሽቼሻለሁ ሊላት ቆርጦ ነበር። ጠያይቆ ሰፈሩን አገኘው፤ መንገዱን ዘግቶ የተተከለ ትልቅ ድንኳን ነበር። ሲደርስ የምርቃቱ ሰዓት ሆኗል። በድምፅ ማጉያ የሙሽሪት አባት ይነሡ ተባለ፤ የሰብለ ወንድም ተነሣ። ሕሊና ተንበርክካ ጉልበቱን ሳመች። ሰብለ ከጎኑ ቆማ ዐይኗን ትጠርጋለች። ገነነ በድንኳኑ ጠርዝ በኩል ሊገባ አንድ እግሩን አነሳ። አሁን ቢገባ ግን ሰው ሁሉ ዞሮ እሱን ያያል፤ ቀኗንም ያበላሽባታል። እግሩን መለሰ። ያን ጊዜ ያስቆመው ኩራት አልነበረም፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ኩራት አልነበረም። ሰዉ አሜን ሲል እሱም አሜን እያለ እስከ መጨረሻው ቆመ።

ሳህን የያዘች አንዲት አስተናጋጅ አየችው።

"አባባ፣ ምነው ደጅ ቆሙ? የሙሽሪት ወገን ነዎት የሙሽራው?"

"መንገደኛ ነኝ" አላት።

መንገደኛስ ቢሆኑ ከሰርግ ቤት ጦሙን የሚያልፍ የለም ብላ በድንኳኑ ጥግ አግዳሚ ላይ አስቀመጠችው፤ ሳህኑንም ሰጠችው። ገነነ የልጁን የሰርግ ምግብ ዐንገቱን ደፍቶ በላ። ሲጨርስ፣ የተጋበዘ እንግዳ እንደሚያደርገው ተነሥቶ ሁለት እጁን ዘረጋ፤ የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ያድርግላቸው፣ ወልደው ይሳሙ፣ ፊታቸው አይጥቆር ብሎ መረቀ። ሴትዮዋም አሜን አባባ ብላ ሳህኑን ተቀበለችውና ወደ ሌላው እንግዳ ሄደች።