ሳይታይ አይፈረምም

የጋሽ ሽቦን እውነተኛ ስም የሚያውቁት ሚስታቸውና የጡረታ መታወቂያቸው ብቻ ነበሩ። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ቤት ግድግዳ እየሰረሰሩ የኤሌክትሪክ ገመድ ሲቀብሩ ኖረዋል። የሌላ ባለሙያ ሥራ ካዩ ካቻቢቴያቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው የሶኬቱን ክዳን ይፈታሉ፤ ውስጡን ትኩር ብለው ያዩና አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ መልሰው ያስሩታል። የቤቱ ባለቤት ከዚያ ወዲያ ሳምንቱን ሙሉ መብራት የሚያበራው በመጥረጊያ እንጨት ነው።

ታናሽ እህታቸው ባሏ ከሞተ በኋላ ከቤቷ ጀርባ የሚከራዩ ሁለት ክፍሎች ከነኩሽናቸው አሠራች። የመብራቱን ሥራ ማን እንደሚሠራው ጥያቄም አልነበረም። ጋሽ ሽቦ በሦስት ሳምንት ጨረሱት፤ አምፖሎቹ በሩ፣ እህት መረቀች። የሕንፃ ቁጥጥር ቢሮው ግን ፈቃድ ያለው መሐንዲስ መርምሮ ያረጋገጠበት ወረቀት ካልመጣ ሰው አይገባበትም አለ። ጋሽ ሽቦ ደግሞ ፈቃድ የላቸውም። ሥራ ሲጀምሩ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፤ ከመጣ በኋላም ለፈተና መቀመጥን ኩራታቸው አልፈቀደላቸውም።

"እኔን ፈታኝ ማን ሊሆን ነው?" ይሉ ነበር። አፍ ዳገት አይፈራም።

ወንድምና እህት ማኅደራቸውን ይዘው ወደ አንድ መሐንዲስ ሄዱ። ቢሮው ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሰውየው ቅጹን አወጣ፣ የክፍሎቹን ብዛት ጠየቀ፣ ከዚያ በአሥራ ስምንቱም ጥያቄዎች ፊት "ደህና" የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ሊፈርም ብዕሩን ወደ ወረቀቱ አስጠጋ።

"ቆይ እስቲ፣ ሳታየው?" አሉ ጋሽ ሽቦ።

"የሠሩት እርስዎ መሆንዎን እህትዎ ነገረችኝ እኮ፣ አባት። የእርስዎን ሥራ መመርመር እርስዎን መድፈር ነው።"

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ልቡ ቅቤ ይጠጣ ነበር። ጋሽ ሽቦ ግን ከፋቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሥራቸውን ከፍቶ የሚያደንቅ አዋቂ ዓይን ሲጠብቁ ኖረው፣ ሕግ ራሱ ይታይ ባለበት ቀን ሳይታይ ሊያልፍ ነው።

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማህም?" አሉት። "መለኪያህን ይዘህ ትመጣለህ፤ እያንዳንዷን ሶኬት ታያለህ። ከዚያ ትፈርማለህ።"

እህታቸው በጠረጴዛው ሥር እግራቸውን ረገጠቻቸው። "ጋሼ፣ ሰውየው ሊፈርምልን ነው። ዝም አይነቅዝም።"

"ሳይታይ አይፈረምም" አሉ ጋሽ ሽቦ።

መሐንዲሱ በማግሥቱ ፊቱን አጨማዶ መጣ። መለኪያውን ከቦርሳው ሲያወጣ መስታወቱ ላይ ከፋብሪካ የመጣበት ፕላስቲክ ገና አልተላጠም ነበር። ባትሪም አልነበረውም፤ እህትየዋ ከግድግዳ ሰዓቷ አውልቃ ሰጠችው። በአንድ እጁ የአጠቃቀም መመሪያውን፣ በሌላው መለኪያውን ይዞ ከክፍል ክፍል ሲዞር፣ ጋሽ ሽቦ እንደ ሚዜ ከጎኑ አልጠፉም።

"የገመዱን አጣጣፍ አየህልኝ?" ይሉታል።

"አየሁ። ግሩም ነው" ይላል። እየቆየም ሥራው እየጣመው መጣ።

ኩሽናው ውስጥ፣ የምድጃው ሶኬት ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። "የመሬት ሽቦዋ አትነበብም።"

"የሰዓት ባትሪ ምን ያነባል!"

መሐንዲሱ ተመልሶ ያለፈውን ሶኬት ለካ፤ አነበበ። እንደገና ይሄኛውን ለካ፤ የለም። ጋሽ ሽቦ ካቻቢቴያቸውን አወጡና ክዳኑን ፈቱ። ምድጃው ቢበላሽ አደጋው ሰው ላይ እንዳያልፍ የምትጠብቀው ያቺ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ፣ ጫፏ ተልጦ፣ በወግ ታጥፋ፣ የትም ሳትታሰር ቁጭ ብላለች።

ትዝ አላቸው። ያን ቀን ሊያስሯት ሲሉ ጎረቤት ብቅ ብሎ ነበር፤ እሳቸውም የእሱ ቤት መብራት እንዴት በግዴለሽነት እንደተሠራ ለማስረዳት ሥራውን ጥለው ወጡ።

"ልትገባበት ያለችው ተከራይ ነፍሰ ጡር ናት እኮ" አለች እህታቸው በቀስታ።

መሐንዲሱ ያፌዝባቸዋል ብለው ጠብቀው ነበር። እሱ ግን የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠ። "ትናንት ልፈርም ነበር፣ አባት" አለ። "በብዕሬና በወረቀቱ መካከል የቀረው አንድ ጣት ነው።"

ሽቦዋ ታሰረች፣ እንደገና ተለካች። መሐንዲሱም በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ "አስተያየት" በሚለው ባዶ ቦታ ላይ ጻፈ፦ በኩሽናው ሶኬት አንድ ጉድለት ተገኝቶ በቦታው ታርሟል።

የሕንፃ ቁጥጥር ቢሮው ሠራተኛ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። "ጉድለት ይላል" አለ።

"ታርሟልም ይላል" አለች እህትየዋ።

"እመቤቴ፣ ዘንድሮ ከሦስት መቶ በላይ የምርመራ ወረቀት ተቀብያለሁ። አንዱም ላይ ጉድለት የለም። የእናንተ ቤት ብቻ ምን ሆኖ ነው?" ማኅደሩንም ለኮሚቴ መራው።

ኮሚቴው ለመሰብሰብ አምስት ሳምንት ፈጀበት። እህትየዋ በእነዚያ ሳምንታት ወንድሟን አንድም ቀን አልወቀሰችም፤ ሰላምታዋ ብቻ አጠረ። የመግቢያው ፈቃድ የመጣውም "በጥንቃቄ" የሚል ቃል ተጨምሮበት ነው።

ጋሽ ሽቦ እስከዚያ ድረስ እጃቸውን አጣጥፈው አልጠበቁም። መለኪያውን ከመሐንዲሱ ተውሰው፣ ድሮ የሠሯቸውን ቤቶች በር ማንኳኳት ጀመሩ። "አልጠራንዎትም እኮ" ሲሏቸው "አውቃለሁ" ብለው ይገባሉ። ሰፈሩ ግማሹ ሥራ ቢጠፋ ነው አለ፣ ግማሹ ዕድሜ ነው አለ። አሥራ ዘጠኝ ቤት አዩ፤ ሁለቱ ላይ ያልታሰረች የመሬት ሽቦ አገኙ። በአንደኛው ቤት ሽቦዋ ሃያ ሁለት ዓመት ሳትታሰር ኖራለች። የቤቱ እመቤት አመስግና ወንበር ብታቀርብላቸው አልተቀመጡም፤ ጓዳ ውስጥ ሌላ ሶኬት እንዳለ ያስታውሳሉ።